ሳሎን ውስጥ የፈላ ችግኝ፦ የመጀመሪያው ዙር ለምን ከሰመ፣ ሁለተኛው ለምን ለጓሮ በቃ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2016 ዓ.ም. ከጥር እስከ ሐምሌ በአዲስ አበባ ያከናወንኩትን አንድ ሥራ ይመለከታል። ሥራው የቲማቲም፣ የቃሪያና የጥቅል ጎመን ዘር በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብቅሎ፣ ችግኙ ሲጠነክር ሽሮ ሜዳ በሚገኘው የአክስቴ ጓሮ መትከል ነበር። ሁለት ዙር ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ዙር ከዘራኋቸው 90 የዘር ፍሬዎች ለተከላ የበቃ አንድም ችግኝ አላገኘሁም፤ በሁለተኛው ግን ለጓሮው የሚበቃ ችግኝ አግኝቼ ለጎረቤት ጭምር ተርፏል። ዘሩ ከዚያው ፓኬት የወጣ፣ ቤቱም ያው ቤት ስለነበር ልዩነቱ ከአያያዝ መምጣቱ ግልጽ ነበር፤ ከየትኛው አያያዝ እንደመጣ መለየት ግን ጊዜ ወስዷል። በማስታወሻ ደብተሬ ያሰፈርኩትን በቅደም ተከተል የማቀርበው ያንኑ ለይቶ ለማሳየት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ችግኝን ቤት ውስጥ ማፍላት ለምን እንዳስፈለገኝ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ በተጠጋን ቁጥር ደግሞ ከፍታውም ብርዱም ይጨምራል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ሞቅ ያለ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። የቲማቲም ዘር አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሞቅ በ6 ቀን ገደማ ይበቅላል፤ አፈሩ 15 ዲግሪ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ቃሪያ ከዚህም ይብሳል፤ በ25 ዲግሪ በ8 ቀን ገደማ የሚወጣው ዘር በ15 ዲግሪ እስከ 25 ቀን አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ያን ያህል የቆየ ዘር ደግሞ ሳይበቅል የመበስበስ ዕድሉ ሰፊ ነው። በሌላው ጫፍ ክረምቱ አለ። ዝናቡ ከበረታበት ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ቀዝቃዛውና እርጥቡ አየር ሌት ብላይት ለሚባለው፣ ድንችንም ቲማቲምንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚያቃጥለው በሽታ ይመቻል። ስለዚህ በደጋው የከተማችን ክፍል በተራ ጓሮ ቲማቲም የሚያለማ ሰው በብርዱ ማብቂያና በዝናቡ መበርታት መካከል ያለችውን አጭር ጊዜ ነው የሚጠቀመው። ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ ይዞ ወደዚያች ጊዜ መግባት ከባዶ ዘር ከመጀመር በእጅጉ የተሻለ ነው የሚል እምነት ይዤ ነበር የተነሳሁት።

የመጀመሪያውን ዘር የዘራሁት ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግስት ነው። ሦስት ባለ 30 ጉድጓድ የእንቁላል መያዣ ካርቶኖች ወስጄ፣ ከጓሮ ያመጣሁትን ጥቁር አፈር ሞልቼ፣ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ፍሬ ዘራሁ። ሙቀት እንደሚፈልጉ ስለማውቅ ማእድ ቤት ጥግ ያለውን ማቀዝቀዣ አናት መረጥኩ፤ በቴርሞሜትር ስለካው ቀን 24፣ ሌሊት 20 ዲግሪ ይሆናል። እርጥበቱ እንዳይሄድ በፌስታል ሸፈንኩት። ጥቅል ጎመኑ በአራተኛው ቀን፣ ቲማቲሙ በሰባተኛው ቀን፣ ቃሪያው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብቅ አለ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር አልነበረም፤ ከ90 ፍሬዎች 71 በቅለዋል። ጥፋቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለማብቀል የጠቀመ ሙቀት ለማሳደግም እንደሚጠቅም በማሰብ ካርቶኖቹን ከነሽፋናቸው እዚያው ተውኳቸው፤ በጠዋትና በማታ ደግሞ ከላይ ውሃ እረጭላቸው ነበር። የጎመኑ ግንድ በሳምንት ውስጥ ሰባት ሴንቲሜትር ረዝሞ እንደ ክር ቀጠነ። ቁመቱን ሳይ እጅግ ደስ ብሎኝ እንደነበር በማስታወሻዬ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በጥር መጨረሻ አክስቴ ሊጠይቁን መጡ። እርሳቸው ለረጅም ዓመታት ጎመንና ሽንኩርት በመደብ ላይ ሲያፈሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ከማቀዝቀዣው አናት አውርጄ ሳሳያቸው ለአፍታ ዝም ብለው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ይሄ ያደገ አይደለም፤ የተሳበ ነው። ብርሃን ፍለጋ ነው የወጣው» አሉኝ። ቀጥለውም የራሳቸውን አሠራር አስታወሱኝ። መደቡን ከዘሩ በኋላ በደረቅ ሣር ይሸፍኑታል፤ ቡቃያው ብቅ ማለት በጀመረበት ቀን ግን ሣሩን ያነሱና ፀሐዩ እንዳይበረታበት ከፍ ያለ ዳስ ይሠሩለታል። «ሣሩን አንድ ቀን ካዘገየሁት ቡቃያው ሣሩን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አይቆምልኝም» ነው ያሉት። በዚህ ንግግር ውስጥ የጥፋቴ ዋና ምክንያት ሙሉ በሙሉ ነበር። እኔ ግን ወዲያው አልተረዳሁትም፤ ካርቶኖቹን ወደ መስኮት ያዛወርኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እየጠቆረና እየቀጠነ፣ ከላይ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ መውደቅ ጀምሮ ነበር። ይህ ዳምፒንግ ኦፍ የሚባለው፣ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያን በመሳሰሉ በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ተሕዋስያን የሚመጣ የችግኝ በሽታ ነው፤ አንዴ የወደቀ ቡቃያ መልሶ አይነሳም። እስከ የካቲት 4 ቀን የቀሩት 9 ነበሩ፤ እነርሱም ግንዳቸው ራሱን መሸከም ስላልቻለ ለተከላ አልበቁም።

ጉዳዩን መልሼ ስመረምረው ያገኘሁት ነገር ይህ ነው። ዘርና ቡቃያ የሚፈልጉት የተለያየ ነው። በአፈር ውስጥ ያለ የቲማቲም ወይም የቃሪያ ዘር የሚፈልገው ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ነው፤ የሚመገበው በዘሩ ውስጥ ከተቀመጠለት ስንቅ ስለሆነ ብርሃን አይቸግረውም። ቡቃያው አፈሩን ሰብሮ በወጣ ሰዓት ግን ስንቁ ወደ ማለቁ ይቃረባል፤ ከዚያ በኋላ ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ብቻ ነው። ብርሃን ካጣ ያለችውን ጥቂት ስንቅ ሥርና ቅጠል ለማብዛት ሳይሆን ግንድ ለማርዘም ያውላታል፤ ከሣር ወይም ከድንጋይ ሥር ለሚወጣ ቡቃያ ይህ ነፍስ የሚያድን ዘዴ ነው፤ ማቀዝቀዣ አናት ላይ ላለ ቡቃያ ግን የሚደርስበት ብርሃን ስለሌለ ስንቁን ይጨርስበታል። ሙቀቱ ደግሞ ሩጫውን ያፋጥነዋል። ብርሃን በሌለበት ሙቀት መስጠት ቡቃያውን ከመጉዳት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። የበቀለ ቲማቲም በሌሊት 15 ወይም 16 ዲግሪ ቢያገኝ አይጎዳም፤ እንዲያውም አጠር ብሎ ይደነድናል።

እዚህ ላይ ዓይናችን የሚያሳስተን ነገር አለ። በቀትር ፀሐይ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን 100000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ፣ ከመስኮት ራቅ ያለ የቤት ጥግ ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ያገኛል። ዓይናችን ግን ሁለቱንም ስለሚለማመድ ያ ጥግ ብሩህ ሆኖ ይታየናል። ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ለቡቃያ ምግብ መሥሪያ አይበቃም።

ይህን በግምት ብቻ እንዳልተወው ሁለተኛውን ዙር ስጀምር፣ የካቲት 8 ቀን፣ በሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ውስጥ ከአንድ አፈር ሞልቼ አሥር አሥር የቲማቲም ፍሬ ለብቻ ዘራሁ። ሁለቱም እስኪበቅሉ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ቆዩ፤ በሰባተኛው ቀን አንዱን እዚያው ትቼ ሌላውን ሳሎን ውስጥ ምሥራቅ ወደሚያየው መስኮት ደፍ አዛወርኩት። ውሃውን በእኩል መጠን ሰጠኋቸው። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ማቀዝቀዣው አናት ላይ የቀሩት በአማካይ 9 ሴንቲሜትር ረዝመው አንድም እውነተኛ ቅጠል፣ ማለትም ከዘሩ ከሚወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጣውን፣ አላወጡም፤ መስኮቱ ላይ ያሉት 4 ሴንቲሜትር ብቻ ሆነው ሁለት ሁለት እውነተኛ ቅጠል ነበራቸው። በሌሎቹ ነገሮች ላይ ብዙ ለውጥ በአንድ ጊዜ ስላደረግሁ የትኛው ምን ያህል እንደረዳኝ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ የብርሃኑን ነገር ግን ሁለቱ ሳህኖች ለይተው አሳይተውኛል።

በዋናው ዙር የመስኮቱን አቅጣጫም አጤንኩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ በበጋ ወራት ደቡብን የሚያይ መስኮት ቀትር ላይም ፀሐይ ያስገባል፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን ያው መስኮት ጥላ ይሆናል። ምሥራቁ መስኮት በማንኛውም ወር የጠዋት ፀሐይ አያጣም። የእኛ ሳሎን ወደ ምሥራቅ፣ በረንዳችን ወደ ደቡብ የሚያይ በመሆኑ ችግኞቹ እስከ ረፋድ ሳሎን መስኮት ላይ ይቆዩና ባለቤቴ ከበረንዳው በር መስታወት ሥር ታዛውራቸው ነበር። ከችግኞቹ ጀርባ ፎይል የለበጥኩበትን ካርቶን አቆምኩ፤ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ተመልሶ ወደ ጥላው ጎን ስለሚደርስ ወደ አንድ ወገን መጉበጣቸው ቀነሰ። በየቀኑ ማዞሩም አልቀረም።

አፈሩን ከወንፊት አሳልፌ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቀልኩ። ከመዝራቴ ሁለት ቀን በፊት የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ይህ በአፈሩ ውስጥ ያለውን የበሽታ ተሕዋስ በሙሉ ባያጠፋም ይቀንሰዋል። የእንቁላል ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ ተውኩት። ጥልቀቱ ለሥር አይበቃም፤ ውሃ ሲነካው ይረጥብና ሻጋታ ያበቅላል፤ ሲደርቅ ደግሞ የአፈሩን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል። በምትኩ የውሃ ሃይላንዶችን ከወገባቸው ቆርጬ፣ ከሥራቸው በጋለ ሚስማር አራት አራት ቀዳዳ አበጀሁላቸው። ቀዳዳው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መውጫ ያጣ ውሃ አየሩን ከአፈሩ ያስወጣዋል፤ ሥርም ያለ አየር አይኖርም።

ቃሪያውን በሌላ መንገድ አስጀመርኩት። 30 ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልዬ በክዳናም ዕቃ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጥኩና በየማታው አየሁት። በዘጠነኛው ቀን 22ቱ ነጭ ሥር አውጥተው ነበር፤ ሥሩ እንዳይሰበር በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ እያነሳሁ በግማሽ ሴንቲሜትር ጥልቀት ቀበርኳቸው። የዚህ ዘዴ ጥቅም ሙቀቱን ለሚፈልገው ለዘሩ ብቻ መስጠቱ ነው፤ የዘሩ ፓኬት ያረጀ መሆን አለመሆኑም በዚያው ይታወቃል። የቃሪያ ዘር ከሁለት ዓመት በኋላ የመብቀል አቅሙ ስለሚደክም ይህን ሳያረጋግጡ ሃይላንድ ሁሉ አፈር መሙላት የሚያዋጣ አይደለም።

ውሃውን ከላይ መርጨት አቆምኩ። ሃይላንዶቹን ውሃ ባለበት ትሪ ላይ አስቀምጬ አፈሩ ከሥር እስኪስብና ላዩ እስኪረጥብ ከጠበቅሁ በኋላ የተረፈውን እደፋዋለሁ፤ የአፈሩ ላይ ደርቆ መልኩ እስኪፈካ ድረስ እንደገና አላጠጣም። ይህ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይሆን ነበር። ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈታል። በዚህ ዙር ከሥሩ ጠቁሮ የወደቀ ቡቃያ ሁለት ብቻ ነው።

ጥቅል ጎመኑን መጋቢት 10 ቀን፣ በ32 ቀኑ ተከልነው። በዚህ አትክልት ላይ ያለኝ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ሳሎን አያስፈልገውም። ብርድ የማይፈራ፣ በ15 ዲግሪም በአሥር ቀን ውስጥ የሚበቅል ስለሆነ አክስቴ መደብ ላይ ያፈሉት ከእኔው እኩል ደርሷል፤ የመስኮት ቦታ ለጠበበው ሰው ቦታውን ለቲማቲምና ለቃሪያ ቢተው ይሻለዋል።

ለቲማቲሙ የማላመጃ ጊዜ የጀመረው መጋቢት 14 ነው። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ስስ ነው፤ ነፋስ አያውቅም፣ በእኛ ከፍታ ላይ ያለውን ብርቱ ፀሐይም በመስታወት በኩል ካልሆነ አላየውም። አሠራሩ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት በረንዳው ጥላ ላይ አውጥቶ ማስገባት፣ ከዚያ በየቀኑ ሰዓቱን እየጨመሩ የጠዋት ፀሐይ ማስለመድ፣ በመጨረሻም ሌሊት ውጭ ማሳደር ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ስወጣ አብረው የወጡትን የቃሪያ ችግኞች ሳላስገባቸው ረሳሁ፤ ባለቤቴም ቤት አልነበረችም። ማታ ስመለስ ስድስቱ ላይ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ነጥቶ ጠበቀኝ። የነጣው ቅጠል አልዳነም፤ ከመሐል የወጣው አዲስ ቅጠል ግን ጤነኛ ስለነበር ስድስቱም ተርፈዋል፤ ከሌሎቹ አሥር ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርተዋል። አሥር ቀን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ቀላል ዋጋ አይደለም፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ቲማቲሙ መጋቢት 25 ቀን ወደ ጓሮ ወጣ። ከ30 ፍሬ 27 በቅለው 24 ለተከላ በቁ፤ 18ቱን ተክለን ስድስቱን አክስቴ ለጎረቤታቸው ሰጡ። ተከላው ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተከናወነ። ግንዱ ከአፈር ሲገናኝ ሥር ስለሚያወጣ የቲማቲሙን ችግኝ እስከ መጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቅጠሎች ድረስ ቀበርነው፤ ቃሪያው ይህ ጸባይ እምብዛም ስለሌለው ሚያዝያ 12 ቀን የተተከለው በነበረበት ልክ ነው። ከተከላው ጋር በአንድ መስመር ላይ ለማነጻጸሪያ ብዬ በዚያው ዕለት ከዚያው ፓኬት አሥር የቲማቲም ፍሬ በቀጥታ አፈር ውስጥ ዘራሁ። በቀጣዮቹ ሁለት ሌሊቶች ውስጥ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ከአፈሩ አጠገብ ተቆርጦ ወድቆ አገኘን። ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ማታ የሚወጣው ቆራጭ ትል ነበር። አክስቴ አመድ ነሰነሱበት፤ እኔ ከሃይላንዱ የተረፈውን ቀለበት ከእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈር አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የተቆረጠ የለም፤ የትኛው እንዳዳናቸው ግን አልለየንም።

ሰኔ 21 ቀን የመጀመሪያውን የቀላ ቲማቲም ቆረጥን። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ለአክስቴም ለእኛም ቤት የሚበቃ ለቀምን። ሐምሌ 13 ቀን ታችኛው ቅጠል ላይ የውሃ ንክር የመሰለ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ በሳምንቱ የሁሉም ቅጠል ተቃጥሎ ነበር። በቀጥታ የተዘሩት አሥር ፍሬዎች ሰባት ተክል ሰጥተው ነበር፤ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ አበባ ላይ፣ ሁለቱ ብቻ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ጥሬ ይዘው በሽታው ደረሰባቸው። ከእነዚህ ሰባት ተክሎች የተበላ ቲማቲም የለም።

ቃሪያው ግን ያሰብኩትን አልሰጠም። የተተከሉት 19 ችግኞች ጤነኛ ሆነው አድገዋል፤ ሆኖም ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሚወርድበት አየር ቃሪያ አበባውን ስለሚያረግፍ ከአንድ ተክል አራትና አምስት ፍሬ ብቻ አገኘን። እንደ ማርቆ ፋና ያሉት የታወቁ የበርበሬ ዝርያዎች ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ማለትም ከእኛ በ800 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ ሞቃት ቦታ የወጡ መሆናቸውን ሳስብ ሽሮ ሜዳ ላይ ይህ መሆኑ አያስገርምም። ችግኝን በቤት ውስጥ ማፍላት ጊዜን ያስቀድማል እንጂ የቦታውን ሌሊት አያሞቅም። አክስቴ ከ19ኙ አራቱን ነቅለው በትልልቅ ጣሳ ተክለው ከማእድ ቤታቸው ግድግዳ ጥግ፣ የምድጃው ሙቀት ከሚደርስበት ቦታ አስቀምጠዋቸዋል፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አበባቸው አልረገፈም። ለ2017 የሚዘራውን ቃሪያ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሶፍት ጀምረን ግማሹን በዚያ ግድግዳ ሥር ለማስቀመጥ ጣሳ እየሰበሰብን ነው።